የስልካችን ብርሃን ለምን ይርገበገባል?

ባለፈው ዓመት ለፈተና ስዘጋጅ ማታ ማታ በስልክ አነብ ነበር። ታናሽ እኅቴ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ስለምትተኛ፥ እንዳልረብሻት አምፖሉን አጠፋና የስልኩንም ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደርገው ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ራሴን ያመኝ ጀመር። አባቴም ይህን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ ብርሃን ይርገበገባል፤ በአምፖል አንብቢ» አሉኝ። እኔ ግን ፊዚክስ እማራለሁ ብዬ ኰርቼ፥ «አባባ፥ ይህ እንደ ድሮው መብራት አይደለም፤ አይርገበገብም» ስል መለስሁላቸው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ የቀድሞው ረጅም የፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፥ ይፈዝዛል። ዓይን ይህን አይለየውም፤ ነገር ግን የስፌት መኪናው መንኰራኵር በዚያ ብርሃን ሲሽከረከር አንዳንድ ጊዜ የቆመ መስሎ ይታያል። አባቴ ይህን ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። የእናቴን ስልክ አንሥተው በካሜራው የእኔን ስልክ ቢያሳዩኝ፥ በስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲያልፉ አየሁ። እጅግ አፈርሁ፤ ነገሩንም መመርመር ጀመርሁ። የተረዳሁትን እነሆ ለጓደኞቼ፥ ለመምህሮቼና ለወላጆች አቀርባለሁ።

ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ብርሃን የሚሰጠው እጅግ ሥሥ በሆነ የካርቦን ውሕዶች ንጣፍ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ንጣፉ ራሱ ያበራል። ለዛሬው ሥራ መሠረት የሆነውን አሠራር ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 አሳተሙት። ስክሪኑ ፒክሰል ከሚባሉ እጅግ ብዙ ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፥ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ አንድ ትንሽ ሰርኪዩት አለ። በቀላሉ ዓይነት ሰርኪዩት ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ትእዛዝ የሚያስገባ በር የሆነ ትራንዚስተር፥ ትእዛዙን የሚያቆይ ካፓሲተር፥ በትእዛዙም ልክ ጅረት የሚለቅ ሁለተኛ ትራንዚስተር ናቸው።

አባቴ ያሳዩኝን ከመግለጤ በፊት ሌላውን የመርገብገብ ምክንያት ላስረዳ። በፈረቃ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ እናስብ። ውሃ በመጣ ቀን በርሜሉን ሞልተን እስከሚቀጥለው ተራ እናቆየዋለን። ካፓሲተሩም እንዲሁ በተራው ይሞላል፥ እስከሚቀጥለው ተራም ይጠብቃል። ተራው በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢደርስ፥ ጥበቃው 17 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በሩ ተዘግቶም ጥቂት ስለሚያፈስስ፥ የተከማቸው መጠን ይዛነፋል፤ ብርሃኑም ከታዘዘው ይለያል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ በድንገት ይስተካከላል። ባትሪ ለመቈጠብ ተራው በሴኮንድ 1 ጊዜ ብቻ ይሁን ቢባል፥ ጥበቃው 60 እጥፍ ይረዝማልና መዛነፉ ለዓይን ይታያል።

በርሜሉን እናስፋው እንዳይባል በፒክሰሉ ውስጥ ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ትራንዚስተሩን ለወጡ። የሲሊከን ትራንዚስተር ፈጣን ነው፥ ግን ያፈስሳል፤ ከኢንዲየም፥ ከጋሊየምና ከዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራው ዝግተኛ ነው፥ ሲዘጋ ግን የሚያፈስሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሁለቱን በአንድ ስክሪን አጣምረው ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሥራ ሰጡት። በ2019 የወጣው የአፕል የእጅ ሰዓት እንዲህ ያለ ስክሪን ስላለው፥ ተራውን በሴኮንድ እስከ 1 ጊዜ ዝቅ አድርጎ ሳይጠፋ ይቆያል።

አባቴ ያሳዩኝ ጥቁር መስመር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብርሃኑን ዝቅ ስናደርግ፥ ብዙ ስልኮች ጅረቱን በመቀነስ ፈንታ በሌላ ትራንዚስተር ያቋርጡታል፤ ይህም በብዙዎቹ በሴኮንድ 240 ጊዜ ያህል ነው። ብርሃኑ ባነሰ ቍጥር የጨለማው ጊዜ ይረዝማል። እኔም ለእኅቴ ብዬ ብርሃኑን ስቀንስ መርገብገቡን አብዝቼው ኖሯል! ጅረቱን ራሱን ለምን አይቀንሱትም ቢባል፥ ትራንዚስተሮቹ ፍጹም እኩል ስላልሆኑ፥ ጅረቱ ሲያንስ ልዩነታቸው ጎልቶ ስክሪኑ ይዥጐረጐራል። ስለዚህ 7 ትራንዚስተሮች ያሉት ሰርኪዩት ተሠርቷል፤ ይህም ጅረት የሚለቀው ትራንዚስተር ከስንት ቮልት ጀምሮ እንደሚከፈት በየተራው እየለካ ትእዛዙን ያርምለታል። ልዩነቱ በታረመ መጠን ማቋረጡን መቀነስ ይቻላል። ሌሎች ደግሞ ማቋረጡን በሴኮንድ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ያደርጉታል።

ራስ ምታቴ ሁሉ ከስልኩ ነው ብዬ አልፈርድም፤ እንቅልፍም አጥቼ ነበርና። ነገር ግን አሁን እኅቴ ከመተኛቷ በፊት፥ አምፖል አብርቼ፥ የስልኩንም ብርሃን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ራሴንም እንደ ፊቱ አያመኝም። ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተም ስልካችሁን በሌላ ስልክ ካሜራ ተመልከቱት። አባቴ ስለ ትራንዚስተር አንድ ቀን እንኳ አልተማሩም፤ ይሁን እንጂ ከስፌት መኪናቸው ያስተዋሉት ነገር እኔን ከመጽሐፌ ይልቅ አረመኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው፥ «መጽሐፉም መንኰራኵሩም ያስፈልጋሉ» አሉኝ።