የአባት ቤትና የልጅ ቤት በአንድ ግቢ
ከወረታ ተነሥቶ ጎንደርን በእግር ስለ መጐብኘት

በወረታ ከተማ የጥንት የድንጋይ ግንብ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል። የፎገራ ምድር ጥቁር ዋልካ ነውና፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ መሬት ሣርና እህል ያበቅላል እንጂ ግንብ አይሸከምም። ላሙ በወተት የታወቀው፣ ዛሬም ሩዝ የሚዘራበት ይህ ሜዳ ለሰውና ለከብት ቀለብ ሆኖ ሲኖር፣ ነገሥታቱ ግን ቤታቸውን ከሜዳው በስተሰሜን በኰረብታው ላይ ሠሩ። ስለዚህ ልጆቹን የቀደሙትን ሰዎች ሥራ ለማሳየት የሚወድ የወረታ ባለቤት ወደ ጎንደር መውጣት አለበት። መንገዱም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ መንገድ ራሱ እንደ ትውልድ ቈጠራ የተዘረጋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ርብን ተሻግሮ አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ እንፍራዝ ሳይደርሱ በኰረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። ይህን ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር ናቸው።) ሁለት ደርብና ክብ ማዕዘን ያለው ይህ ቤት ጣናን ቍልቍል ያያል፤ ጎንደር ገና ሳትቈረቈር የቆመ ስለ ሆነ ለጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድማቸው ነው። ዐፄ ሠርፀ ድንግልና የዐፄ ሱስንዮስ አባት አቤቶ ፋሲለደስ የወንድማማች ልጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱም የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጆች ናቸው። ወደ ከተማዪቱ ሲቀርቡም አዘዞ ይገኛል፤ በዚያ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን አሠርተው ነበር። ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባዘዙ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋኑን ለቀቁ። ልጅየውም የአባታቸውን አዋጅ ሽረው፣ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። እንግዲህ ከጎንደር በር ስንደርስ በእጃችን የያዝነው የአባትና የልጅ ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ መኪናውን ትቶ በእግር መሄድ ይገባል። በመኪና የሚያልፍ ሰው አንድ ትልቅ ግንብ አየሁ ብሎ ይመለሳል፤ በእግር የሚሄድ ግን የብዙ ሰዎችን ቤት ያያል። መነሻውም ጃን ተከል ከሚባለው አደባባይ፣ ከአሮጌው ዋርካ ሥር ቢሆን መልካም ነው። የግቢው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሮቹም ብዙዎች ሲሆኑ ስማቸው የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ይናገራል። እምቢልታ በር የእምቢልታ ነፊዎች፣ ባልደራስ በር የፈረሶች አለቃ፣ ተዝካሮ በር የተዝካር፣ ወንበር በር የዳኞች ነበር። በፍርድ ቤት መዝገብ የምጽፍ ሰው ስለ ሆንሁ በዚህ በመጨረሻው ፊት ባርኔጣዬን ሳላወልቅ አላልፍም።

በግቢው ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው የዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ሲሆን በአራቱ ማዕዘን እንደ እንቍላል የከበቡ ጕልላቶች አሉት፤ የተሠራውም በጥቍር ድንጋይና በኖራ ነው። በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን አልሐይሚ ይህን ቤት አይቶ እጅግ አድንቆ ጽፏል፤ ያሠራውም ሕንዳዊ ግንበኛ ነው ብሏል። ግንበኛው ከየትም ይምጣ፣ ድንጋዩን የጠረበውና ኖራውን የተሸከመው ያገሬው ሰው መሆኑን ለልጆች መንገር አይከፋም።

ከፋሲል ግንብ ጥቂት ራመድ ብሎ የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ መጻሕፍት ቤትና ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ዮሐንስ ጻድቁ ተብለው የተጠሩ፣ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡ ናቸው፤ ቤታቸውም እንደ ጠባያቸው ትንሽና ጭምት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የልጃቸው የታላቁ ኢያሱ ቤት ይመጣል። ይህ ቤት በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ይባላል፤ ዛሬ ጣራው ፈርሶ ሰማይ ይታይበታል።

በዚህ በኢያሱ ቤት ፊት ጥቂት መቆም ይገባል። ንጉሡ የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ በሞተች ጊዜ ከኀዘን ብዛት የመንግሥትን ሥራ ትተው በጣና ደሴት ተቀመጡ። እቴጌ መለኮታዊት ግን ልጅዋን ተክለ ሃይማኖትን አነገሠች፤ በ1699 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አባት በልጁ ፈቃድ ተገደሉ። አስከሬናቸውም በምጽራሐ ደሴት ተቀበረ። ልጅየው በ1700 ዓ.ም. እርሱም በተራው ተገደለ፤ ከእርሱ በኋላ የነገሡት የኢያሱ ወንድም ዐፄ ቴዎፍሎስ የወንድማቸውን ደም መርምረው መለኮታዊትን በስቅላት ቀጡ። ወላጆች ይህን ለሕፃናት መንገር ያስፈራቸው ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜያቸው ለደረሰ ልጆች መንገር ይገባል እላለሁ፤ ግንቡን ብቻ አሳይቶ በውስጡ የሆነውን መደበቅ ሣጥኑን አሳይቶ ቍልፉን መያዝ ነውና።

ከኢያሱ ልጆች ዐፄ ዳዊት የዘፈን ቤት፣ ዐፄ በካፋም ረጅሙን የግብር አዳራሽ አሠርተዋል። በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው እንደ ተራ ሰው አገር ያዩ ነበር ተብሎ ይተረካል፤ በቋራ ታመው ሳሉ ያስታመመቻቸውን ቈንጆ እንዳገቡም ይነገራል፤ እርስዋም እቴጌ ምንትዋብ ናት። የእቴጌዪቱም ቤት በዚሁ ግቢ በሰሜን በኩል አለ፤ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች እስከ ዛሬ ያምራሉ። በአጠገቡ የአንበሶቹ ቤት ባዶውን ቆሟል፤ ልጆች ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት እርሱን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በል። በዚህ ግቢ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም እስከ መገዳደል ደርሰዋል። ነገር ግን ልጅየው አባቱን የገደለ ሆኖ ሳለ የአባቱን ግንብ አላፈረሰም፤ ተከታዮቹም የራሳቸውን ቤት ከጎኑ ጨመሩ እንጂ የቀደመውን አልነኩም። እኔ ከምጽፋቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የውርስ ናቸው። አባት በሞተ በዓመቱ ወንድማማቾች ቤቱን በገመድ ለክተው ይካፈላሉ፤ መዝጊያው ወደ አንዱ፣ ቆርቆሮው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ ባዶ ቦታ ይቀራል። ዳኛው ግማሽ ግማሹን ፈርደው ይነሣሉ፤ ግማሽ ቤት ግን ማንንም አያስጠልልም።

የጎንደርን ቤቶች የጐዱት ከውጭ የመጡ ነገሮች ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ቤት ሰነጠቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዪቱን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ። ጎንደር ከኢጣሊያ እጅ በወጣችበት በ1934 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ግቢው ተመታ። ኢጣሊያኖች ግንቡን ሲጠግኑ በሲሚንቶ ጠግነው ነበር። ሲሚንቶ ግን የጥንቱን ግንብ አይስማማውም፤ ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ይዞ ያስቀረዋል፤ የተያዘውም ውሃ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመለሱ። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በቤቱ የአባቱን የድንጋይ ግድግዳ የሚያሳድስ ሰው ካለ ይህን የኖራውን ነገር ለግንበኛው ቢያሳስብ ይጠቀማል።

ከግቢው ወጥቶ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ሌላ ዘመን ነው። ኢጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ያሠሯቸው ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማውና ሱቆቹ ማዕዘናቸው ከብቦ በሁለት ወገን ቆመዋል። የጠላት ሥራ ነው ብሎ ፊቱን የሚያዞር አለ፤ ነገር ግን ዛሬ ደብዳቤ የምንልክበትና ቡና የምንጠጣበት ቤት የእኛው ነውና ማየት አይጐዳም። እዚያ ልጆቹን አሳርፎ ምሳ መብላት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው መንገድ ዳገት አለበትና።

ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ታላቁ ኢያሱ አሠሩ፤ ደርቡሽ ሊያቃጥለው በመጣ ጊዜ ንብ ወጥቶ አባረረው ተብሎ ይነገራል። በቅጥሩ ላይ አሥራ ሁለት ክብ ግንቦች የሐዋርያትን ምሳሌ ይዘው ቆመዋል። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቀና ሲል፣ ጣራውን የሞሉት የኪሩቤል ፊቶች ሁሉም ወደ እርሱ የሚያዩ ይመስለዋል። ጫማ ማውለቅ ስላለ፣ ብዙ ማሰሪያ ያለው ጫማ ለሕፃን አለማድረግ እናቶችን ከብዙ ድካም ያድናል። ለመንገድ ቆሎና ዳቦ፣ ለፀሐይም ጥላ መያዝ ይገባል። ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በጥር የመጣ ሰው በቀሐ ወንዝ አጠገብ የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ውሃ ሞልቶ፣ የዛፎቹም ሥር ግድግዳውን እንደ ክንድ አቅፎ ያገኘዋል። ከወረታ ሳይነሡ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ እንዳይረሳ።

ጕልበት የቀረው ሰው ቍስቋምን ሳያይ አይመለስ። እቴጌ ምንትዋብ በካፋ ከሞቱ በኋላ፣ ለልጃቸው ለኢያሱ እንደራሴ ሆነው አገር ሲያስተዳድሩ ከከተማው ወጣ ብለው ቤተ ክርስቲያንና ግንብ አሠሩ። ልጃቸውን ቀበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ሲጠፋ በሕይወት ነበሩ። ግንባቸው ዛሬ ፈራርሷል፤ የሦስቱ ዐፅም ግን፣ የእናቲቱ፣ የልጅየውና የልጅ ልጁ፣ በአንድ ሣጥን በመስታወት ሥር ለጐብኚ ይታያል።