የስፓኒየል ቡችሎችን በቤት ማስወለድና ማሳደግ

በቤት ከሚያድጉት እንስሳት ሁሉ የጌታውን ፊት አይቶ ሐዘኑንና ደስታውን የሚለይ እንደ ውሻ ያለ የለም ይባላል። ከውሾችም ወገን ስፓኒየል የተባለው ዘር ጆሮው ረዥምና ጠጕራም፥ ዓይኑ ትልቅ፥ ጠባዩም ገር በመሆኑ ሕፃናት ባሉበት ቤት እጅግ የተወደደ ነው። እንዲህ ያለች ውሻ ያለችው ሰው ቡችሎቿን ለማየት ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ምኞቱ ወደ ሥራ ከመለወጡ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ የሚወለዱት ቡችሎች ጤናማ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉን? የሚለው ነው። ሰዎች ስለ ምጡ ሌሊት አብዝተው ይጨነቃሉ፤ የቡችላው ዕጣ ግን ከምጡ ሌሊት አስቀድሞ፥ ወላጆቹ በተመረጡበት ቀን እንደሚወሰን ብዙዎች አያስተውሉም።

ዘሩም የማራቢያውም ደንብ ከእንግሊዝ ሀገር የመጣ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከዚያው ከመነሻው እንመለከተዋለን። የምንጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካቫሊየር የተባለው ስፓኒየል እንዴት ተገኘ?

ከ1660 እስከ 1685 በእንግሊዝ የነገሠው ዳግማዊ ቻርልስ ትንንሽ ስፓኒየሎችን እጅግ ይወድ ስለ ነበር፥ ዘሩ በስሙ ኪንግ ቻርልስ ተባለ። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የአርቢዎች ፍላጎት ተለወጠና አፍንጫው የተደፈጠጠ፥ ግንባሩ የጎበጠ ውሻ መውደድ ጀመሩ፤ በቀድሞ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ረዘም ያለ አፍንጫ ያለው ስፓኒየልም ሊጠፋ ተቃረበ።

በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ ክራፍትስ በተባለው የለንደን የውሻ ትርኢት ላይ፥ የቀድሞውን መልክ የያዘ ወንድና ሴት ስፓኒየል ለሚያቀርብ ሰው ለእያንዳንዱ 25 ፓውንድ ሽልማት አቆመ። በ1928 ለዚሁ ዘር ማኅበር ተመሠረተ፤ አንስ ሰን የሚባለውም ውሻ ለመልኩ ምሳሌ ሆኖ ተመረጠ። በ1945 የእንግሊዝ የውሻ ዘር መዝገብ ክበብ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስን ራሱን የቻለ ዘር አድርጎ ተቀበለው።

ይህ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ጥላ አለው። ዘሩ እንደገና የተነሣው ከጥቂት ውሾች ነው፤ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ዘመን ቍጥሩ ተመናመነ። ከጥቂት አባቶችና እናቶች የተገኘ ቤተ ሰብ መልኩን እንደሚወርስ ሁሉ ደዌውንም ይወርሳል።

የወላጆች ምርጫ

የካቫሊየር ዋና ጠላት የልብ በሽታ ነው። በግራው የልብ ክፍል ያለው ቫልቭ እየላላ ይሄድና ደሙ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል፤ ሐኪሙም በማዳመጫው ያልተለመደ ድምፅ ይሰማል። በሌሎች ዘሮች በእርጅና የሚመጣው ይህ ደዌ በካቫሊየር በለጋነቱ ይነሣል፤ ዕድሜአቸው 10 ዓመት ከደረሰም ከሞላ ጎደል ሁሉም ምልክቱ ይገኝባቸዋል። ሁለተኛው ደዌ ከራስ ቅሉ የሚመጣ ነው። የቅሉ የኋላ ክፍል ለአንጎሉ ጠባብ ስለሚሆን የፈሳሹ መንገድ ይታወክና በአከርካሪው ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ውሻ አንገቱን ሲነኩት ይጮኻል፤ ቍስል ሳይኖረው ትከሻውን በባዶ ያካል።

የልብ ሐኪሞች ለአርቢዎች የሰጡት ምክር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ውሻዋም ሆነች ወንዱ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላቸውና ልባቸው ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ አይራቡ፤ የእነርሱም ወላጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ልባቸው ንጹሕ እንደ ነበረ ይጠየቅ፤ ይላል ምክሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአንድ ዓመት ውሻ ልብ ዛሬ ደኅና መስሎ ቢሰማ፥ ነገ የሚመጣውን አይናገርም። የሚናገሩት እናቷና አባቷ ናቸው። የራስ ቅሉና ሕብለ ሰረሰሩም በማግኔት ጨረር መሣሪያ ይመረመራል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል፤ ዓመታትም ያስጠብቃል። ወጪውን ወይም ጥበቃውን የማይችል ሰው ውሻዋን ወዶ ማሳደግ ይበቃዋል፤ ማራባት ግን አይገባውም።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በኖርዌይ ከታየው ፍርድ መረዳት ይቻላል። በ2022 በኦስሎ ያለ ፍርድ ቤት ካቫሊየርን በተለመደው መንገድ ማራባት የሀገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንደሚጥስ ፈረደ፤ በ2023ም የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ካቫሊየር የተሰጠውን ፍርድ አጸና። የዘር ንጽሕና ብቻውን የጤና ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ከእርግዝና እስከ ምጥ

ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው፤ ጥቂት ቀን ቢጎድል ወይም ቢጨምር አያስደነግጥም። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ምግቧ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርላታል። ይጠቅማታል ብሎ የካልሲየም መድኃኒት መስጠት ግን ጕዳት አለው፤ ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ ካልሲየም ማውጣትን ይዘነጋና ከወሊድ በኋላ ያንቀጠቅጣታል።

የመውለጃ ሣጥኑ ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሰው በማይበዛበት ጸጥ ባለ ክፍል ይዘጋጅ። በጎኗ ተዘርግታ የምትተኛበት ስፋት ይኑረው፤ በውስጡ ዙሪያውን ከግድግዳው ራቅ ያለ ዘንግ ይደረግበት፤ እናቲቱ ስትገላበጥ ቡችላው በዘንጉ ሥር ይተርፋል። ንጹሕ ፎጣዎች፥ የተቀቀለ መቀስ፥ ክር፥ የግራም ሚዛን፥ የሙቀት መለኪያና የእንስሳት ሐኪሙ የሌሊት ስልክ ቍጥር በአንድ ቦታ ይቀመጡ።

በመጨረሻው ሳምንት የሰውነቷ ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ ይለካ። ከ38 ዲግሪ በላይ የነበረው ሙቀት ከ37 በታች ሲወርድ ምጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊመጣ እንደ ተቃረበ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ ምግብ ትተዋለች፤ ታለከልካለች፤ ጨርቁን እየጫረች ጎጆ ታበጃለች።

የምጡ ሌሊት

በዚህ ሌሊት የባለቤቱ ዋና ሥራ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ቡችላው በከረጢት ተጠቅልሎ ይወጣል፤ እናቲቱም ከረጢቱን ቀድዳ፥ እትብቱን በጥርሷ ቆርጣ ትልሰዋለች። ይህን ሳታደርግ ብትዘገይ ግን ያለ ማመንታት ከረጢቱን ከአፍንጫው ላይ መቅደድ፥ አፉን መጥረግና ራሱን ዝቅ አድርጎ በፎጣ አጥብቆ ማሸት ያስፈልጋል። እስኪጮኽ ድረስ ማሸቱ አይቋረጥ። እትብቱም ከሆዱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በክር ታስሮ ይቈረጣል። የእንግዴ ልጁ ከቡችሎቹ ቍጥር ጋር መመሳሰሉ ይቈጠር።

ሐኪም የሚጠራባቸው ምልክቶች ግን በቃል ሊያዙ ይገባል። ብርቱ ምጥ ይዟት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ቡችላ ካልወጣ፤ በሆዷ የቀረ ቡችላ እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም ካልመጣ፤ የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፤ ወይም ደም ከበዛ፥ እስኪነጋ እንጠብቅ ማለት እናቲቱንም ልጆቿንም ማጣት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ካቫሊየር ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ቡችሎች ትወልዳለች። አዲስ የተወለደው ቡችላ አያይም፤ አይሰማም፤ በብርድ ጊዜም እንደ ትልቅ ውሻ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይኑረው፤ ቢሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ቀዝቀዝ ያለ ጥግም አይጥፋ። እንገሩንም በመጀመሪያው ቀን መጥባት አለበት፤ እናቲቱ በሽታን የሚከላከለውን ኃይል የምታወርሰው በእርሱ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ታማኝ ምስክር ሚዛን ነው። ቡችሎቹ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይመዘኑ፤ ክብደታቸውም ይጻፍ። ደኅናው ቡችላ በየቀኑ ይጨምራል፤ በአሥር ቀን ገደማም የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል። ያልጨመረው ወይም የቀነሰው ለዓይን ደኅና ቢመስልም ችግር ላይ ነው። የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት ከመሰጠቱ በፊት ቀስ ተብሎ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ሆድ ወተት አይፈጭምና። የላም ወተት ለቡችላ አይበቃውም፤ ለቡችሎች የተዘጋጀው ወተት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፥ በሆዱ እንደ ተኛ ይሰጠው፤ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት ወተቱን ወደ ሳንባው ይልከዋል። እናት የሌለው ቡችላ ራሱን ችሎ ሽንቱን ስለማይሸና፥ ከምግብ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጥጥ ይታበስ፤ ይህም የእናቲቱን ምላስ ይተካለታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዱ ቡችላ ሊሞት ይችላል። በዚያን ጊዜ ልጆችን በውሸት ከማባበል እውነቱን በለሰለሰ ቃል መንገር ይሻላል።

ለእናቲቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። በተለይ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ብትንቀጠቀጥ፥ እግሯ ቢደርቅ፥ እረፍት ብታጣ፥ የደሟ ካልሲየም ማነስ ስለ ሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ትወሰድ።

እስከ ስምንተኛው ሳምንት

ዓይናቸው ከአሥር እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል፤ ጆሮአቸውም ጥቂት ቀን ቈይቶ ይከተላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል የራሰ ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ፤ ጡት መተዋቸውም ቀስ በቀስ ይሁን። ወስፋት ከእናቲቱ በማኅፀንና በወተት ስለሚተላለፍ፥ መድኃኒቱ ለቡችሎቹም ለእናቲቱም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል። ይህ ወስፋት ወደ ሰው ሕፃን ገብቶ ዓይን ሊጐዳ ስለሚችል፥ ልጆች ከቡችሎቹ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኩሱም ወዲያው ይነሣ።

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜ የጠባይ ትምህርት ቤት ነው። የሰው ድምፅ፥ የድስት ኳኳታ፥ የሕፃን ሳቅ፥ የእንግዳ እጅ በዚህ ጊዜ የለመደ ቡችላ አድጎ አይፈራም፤ ከፍርሃትም የተነሣ አይናከስም። ንክሻውን መመጠንንም የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ቶሎ ከእናቱ መለየት ጕዳቱ ስለዚህ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ፈቃድ ያለው አርቢ ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ መሸጥ ተከልክሏል፤ ከ2016 ጀምሮም ቡችላው ከቆዳው በታች የሚቀበር የመለያ ማይክሮቺፕ እንዲኖረው ታዟል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ቡችላን ከአርቢ ገዝቶ የሚቸረችር ነጋዴ ከስድስት ወር በታች ያለውን መሸጥ አይችልም፤ ገዢውም ቡችላውን ከእናቱ ጋር አይቶ ይወስዳል። የዘር መዝገቡ ክበብም ከ2012 ጀምሮ ከአንዲት እናት ከአራት ጊዜ በላይ የተወለዱትን አይመዘግብም።

ቡችላው ከቤት ሲወጣ

ቡችላን ለሌላ ቤት የሚሰጥ ሰው የክትባቱን፥ የወስፋቱን መድኃኒትና የወላጆቹን የልብ ምርመራ ወረቀት አብሮ ያስረክብ። የሚወስደውንም ሰው ሳያፍር ይጠይቀው፤ ቀን ቤት የሚውል ማን ነው? የሐኪም ወጪ ትችላለህን? ሳትችል ብትቀር መልሰህ ለእኔ ታመጣዋለህን? መልሱ ካላጠገበው ገንዘቡን ትቶ ቡችላውን ያቆይ።

ውድ አንባቢ፥ በቤትህ ያለው ውሻ ስፓኒየል ባይሆንና የትውልድ ወረቀት ባይኖረውም፥ ዓይኑ ያልተከፈተ ቡችላ ሁሉ ሙቀት፥ እንገርና የእናቱን ጊዜ ይሻል። ገንዘብ ያስገኛል ወይም ልጆችን ያስደስታል ተብሎ በችኰላ የሚጀመር ሥራ ብዙ ጊዜ በእንስሳው ሥቃይ ይፈጸማል። የወላጆቹን ልብ አስመርምሮ፥ ዓመታቱን ታግሦ፥ ለእያንዳንዱ ቡችላ ቤት አዘጋጅቶ የሚጀምር ግን፥ ከስምንት ሳምንት በኋላ በደጁ የሚወጡትን እያንዳንዳቸውን ያለ ሐፍረት ሊያስረክብ ይችላል።