ባለ17 ሳንቲ ሜትሯ ዳትሰን

ወላይታ ውስጥ፣ በሶዶም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካም ሆነ በገሱባ በእኛ ልጅነት የሽቦ መኪና ያልነዳ ልጅ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሽቦው ይታጠፋል፤ ቆርኪ ወይም ያረጀ የጫማ ሶል ተቆርጦ ጎማ ይሆናል፤ ረጅሙ መሪ እስከ ደረት ይደርሳል። ሞተሩ የልጁ አፍ ነው። ያቺ መኪና ቀለም የላትም፣ መስታወት የላትም፣ በርም የላትም። ነገር ግን አይሱዙ ትሁን ላንድክሩዘር ሰፈሩ በሙሉ ይለያታል። ልጁ የትኛውን መስመር አጥፎ የትኛውን መተው እንዳለበት ያውቅበታልና።

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ የዚያችን የሽቦ መኪና ሀብታም ዘመድ ነው፤ ከፕላስቲክ ተሠርታ፣ ተበታትና በካርቶን የምትመጣ፣ ገጣጥሞ ቀለሟን የሚቀባትና የሚያስጌጣት ባለቤቷ ራሱ የሆነ የስፖርት መኪና ሞዴል። በዚህ ሥራ በብዛት የሚያዘው ልክ አንድ ሃያ አራተኛ ነው። የእውነተኛዋ መኪና 24 ሳንቲ ሜትር በሞዴሏ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ዳትሰን 240ዜድ ናት፤ እውነተኛዋ 4 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስትረዝም ይህቺ 17 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከእስክሪብቶ ጥቂት ትበልጣለች።

ፌራሪ ወይም ፖርሽ እያለ ዳትሰን መምረጤ አለነገር አይደለም፤ ይህቺ መኪና ለእኛ ጎረቤት ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜህታ ያሸነፉት በ240ዜድ ነበር። ውድድሩ በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ መጣሁ በሚልበት ጊዜ፣ በኬንያና በጎረቤቶቿ የአፈር መንገድ ላይ ይካሄድ ነበር። የ1971ዋ አሸናፊ ዛሬም ጃፓን ውስጥ፣ ዛማ በሚገኘው የኒሳን ስብስብ ተቀምጣለች። አካሏ ቀይ፣ ኮፈኗ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ለጌጥ አልተቀባም፤ የማያንጸባርቅ ኮፈን የቀትር ፀሐይን በነጂው ዓይን ላይ አይመልስበትም። ሃሴጋዋ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ይህችኑ አሸናፊ በአንድ ሃያ አራተኛ ልክ ሠርቷታል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። መኪናዋ 24 ጊዜ ስታንስ ቀለሙ አብሯት አያንስም። ከፋብሪካ የወጣች መኪና ላሜራ ላይ ያለው ቀለም፣ ከታችኛው ልባስ እስከ ላይኛው ማብረቂያ ተደምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ የሁለት ፀጉር ዘለላ ውፍረት ቢሆን ነው። ይህን ለ24 አካፍሉት፤ 5 ማይክሮን ገደማ ይመጣል። ማንም በእጁ የነፋው ቀለም እዚያ ድረስ አይሳሳም። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ገና ሲጀምር ተሸንፏል፤ የሚቀረው ሽንፈቱን ማሳነስ ነው። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት በእውነተኛዋ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በሞዴሏ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ደፈር ብሎ ሁለቴ ያፈሰሰ ሰው በሩን ለዘላለም ዘጋው። ሜታሊክ ቀለምማ የባሰ ነው፤ በትልቋ መኪና ላይ ብልጭ የምትለው የብረት ቅንጣት ትንሿ ላይ ስትመጣ ጨው የተነሰነሰ ያስመስላታል።

ቀለም መሳሳት እንዳለበት ሳይነገረው የሚገባው ሊስትሮ ነው። አዲስ አበባ ጫማውን እያስጠረገ የሊስትሮውን አገር የሚጠይቅ ሰው «ወላይታ» የሚለውን መልስ ደጋግሞ ይሰማል። ልጁ ቀለሙን በአንዴ አይለጥፈውም። በጨርቁ ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ይፈትጋል፣ ውኃ ጠብ ያደርጋል፣ እንደገና ነካ። ማብራቱ ከቀለሙ ብዛት ሳይሆን ከልባሱ ስስነትና ከፍትጊያው የሚመጣ ነው። ሊስትሮ የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ ማብረቅረቅን ከሚገልጸው ቃል የመጣ ነው፤ መቼም ጋራዥ የገባ ሰው ሳያውቀው ጣሊያንኛ ተናግሮ ይወጣል፤ ላሜራ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ስቱኮ።

ሥራው በሳሙና ይጀምራል። ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቅባት ባለበት ቀለም አይዝም። ቀጥሎ ስፌቱ ይፋቃል፤ ስፌት የምለው ፕላስቲኩ የፈሰሰበት ቅርጽ ማውጫ ሁለት ግማሾች የተገናኙበትን ቀጭን መስመር ነው። ጋራዥ ውስጥ ስቱኮ የሚፈገፈግበት ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት እዚህ ወንጀል ነው፤ በ600 ቁጥር ተጀምሮ ወደ 1000፣ ከዚያም ወደ 2000፣ በውኃ እየነከሩ መሄድ ነው። ከዚያ ፕራይመር የሚባለው የታችኛው ልባስ፣ ከዚያ ቀለም፣ መጨረሻ ላይ ማብረቂያ። ቅደም ተከተሉ ከትልቁ ጋራዥ አይለይም።

የሚለየው ቲነሩ ነው። የጋራዥ ቲነር ለላሜራ የታሰበ ነው፤ ሞዴሉ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ግን ያሟሟዋል። የመጀመሪያዋን ሞዴሌን ያበላሸኋት በዚህ ነው። የጋራዥ ቀለም አንድ ጊዜ ነፋሁባትና ጣሪያዋ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። መፍትሔው በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም መጠቀም ነው፤ ያ ካልተገኘ ፕራይመሩን ከሩቅ፣ ገና በአየር ላይ ሳለ ግማሹ እንዲደርቅ አድርጎ፣ በጭጋግ መልክ ደጋግሞ መንፋት። የቀለምና የቲነር ልክ ለመያዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሲሪንጅ ይበቃል። አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ መስኮት መክፈትም ግድ ነው።

ሶዶ ላይ ደግሞ ሰማዩም አስተያየት ይሰጣል። ከተማዋ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ በልጉም ክረምቱም ያገኛታል። ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የተቀባው ገጽ ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበት በላዩ ጤዛ ይሆንና ቀለሙ ዳሞታ በሐምሌ ማለዳ የሚለብሰውን ዓይነት ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ የመገጣጠሚያ ወራት ናቸው፤ ቀለም ለጥቅምት ይቆያል። ጥቅምት ላይ ደግሞ አቧራው ይነሣል። ከመንፋት በፊት ወለሉን ውኃ መርጨት፣ ተቀብታ ስታበቃ ካርቶን መድፋት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደሆነ ለማየት በየአሥር ደቂቃው የሚከፍት ሰው ግን አቧራውን ራሱ ጋበዘ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

የ1971ዋን ቀይ ለማውጣት ከሥሩ ምን እንዳለ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀይ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። በግራጫ ፕራይመር ላይ ከተነፋ የደረቀ ደም ይመስላል፤ በነጭ ላይ ከተነፋ ይነቃል። ሌላም ምሥጢር አለ። ሞዴልን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት መመልከት እውነተኛዋን ከ7 ሜትር በላይ ርቆ ከማየት ጋር እኩል ነው፤ ዕቃ ደግሞ በራቀ ቁጥር ቀለሙ ይፈዝዛል። ዳሞታን ከሁምቦ በኩል የሚያይ ሰው ሰማያዊ ነው ይላል፤ ሥሩ የሚኖረው አረንጓዴ ነው ይለዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሞዴል ሠሪዎች እውነተኛውን ቀለም ጥቂት ያነጡታል። ለጥቁሩ ኮፈን ድፍን ጥቁር አልተጠቀምኩም፤ ያረጀ ጎማ የመሰለ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ግራጫ ነው የነፋሁት።

ጥቁሩ ከቀዩ የሚለይበት ድንበር የወረቀት ፕላስተር ሥራ ነው። ፕላስተሩ በአዲስ ምላጭ በመስታወት ላይ ይቆረጣል፤ ከፋብሪካ የወጣ ጠርዙ ቆሻሻ ስለሚይዝ አይታመንም። ከጥቁሩ በፊት ጠርዙ ላይ ያንኑ ቀይ ስስ አድርጎ መንፋት የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚሰርገው ቀይ በቀይ ላይ ይሰርግና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የወላይታን ባህላዊ ልብስ ዱንጉዛን የሚሠራ ሸማኔ ይህ ሁሉ ጭንቅ የለበትም። የእሱ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ በክሩ ውስጥ አለ፤ ድንበሩ አይፈስም። ቀይና ጥቁሩን ሳይ ሦስተኛውን ቢጫ በጎኗ ላይ ልጨምርላት ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን 1971ን ብዬ ተነሥቼ የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነውን ጊፋታን ልቀባ አልፈለግሁም። ለሌላዋ ይቆይ።

ጌጡ ሲመጣ እጅ መሰብሰብ ይቀድማል። የበርና የኮፈን ክፍተቶች ውስጥ እንደ ውኃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በብሩሽ ጫፍ ሲነካ በራሱ ይሮጣል፤ ጥላውን ያወጣል። ድፍን ጥቁር ከተደረገ ግን መኪናዋ በእስክሪብቶ የተሣለች ትመስላለች። ለስፖኪዮና ለመስታወት ጠርዝ ከሲጋራ ፓኮ የሚወጣው ብርማ ወረቀት ያገለግላል፤ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ የሚወጡት የመዳብ ፀጉሮች የካንዴላ ሽቦ ይሆናሉ። ቁጥሯና የማስታወቂያ ጽሑፎቿ በውኃ ተነክረው የሚንሸራተቱ ስስ ሥዕሎች ናቸው።

የሳፋሪ መኪና ታጥባ አትቀመጥም። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ የተፈጨ ቀለም ይሸጣል፤ እኛ ግን ከደጃችን ቀይ አፈር አለን። አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፤ ከዚያ በሻሽ ይነፋል። በደንብ መንፋት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በዚህ ልክ 12 ሚሊ ሜትር ጠጠር ናትና። ዱቄቱ በአልኮል ይለወስና ከጎማው ኋላ ወደ ኋላ እየሳሳ፣ ከበሩ ሥር ወደ ላይ እየጠፋ ይቀባል። ጣሪያው ላይ ጥቂት ብናኝ ብቻ ይበቃል፤ ጭቃ ወደ ጣሪያ የሚወጣው መኪና ስትገለበጥ ነው።

መጨረሻ የሠራሁት የፊት መስታወቷን ነው። በላዩ የውኃ መጥረጊያው የሚዞርበትን ልክ ሁለት ቅስት ፕላስተር ለጥፌ ቀዩን አቧራ ነፋሁበት። ፕላስተሩን ሳነሣው በአቧራው መካከል ሁለት ንጹሕ ማራገቢያዎች ቀሩ፤ በእነሱ በኩል ባዶው የነጂ መቀመጫ ይታያል።