ክብደቱን ይዞ የሚሄድ መልእክት

ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ሕመምተኞች መጡ እንበል። አንዱ በወባ፣ ሌላው በኮሌራ ተጠረጠረ። መዝገቡ ላይ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ መስመር ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዟቸው ግን ለየቅል ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር መመሪያ ወባን በየሳምንቱ ተደምረው ከሚላኩት፣ ኮሌራን ወዲያውኑ ከሚነገሩት በሽታዎች መድቧል። የኮሌራው ጥርጣሬ መርሳ ወዳለው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በ30 ደቂቃ፣ ወልድያ ወዳለው ዞን በሌላ 30 ደቂቃ፣ ከዚያም ወደ ክልልና ወደ አዲስ አበባ ማለፍ አለበት። መርሳ ላይ ስልክ የሚያነሳው ባለሙያ ሕመምተኛውን አላየውም። ሊደርሱት የሚገቡት ነገሮች ሁለት ናቸው፦ የሆነው ነገርና የችኮላው መጠን። ሁለተኛው መንገድ ላይ ከወደቀ የኮሌራው መስመር ከወባው ጋር ተደምሮ ሳምንቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ሪፖርቱን የሚያስተላልፉት ኮምፒዩተሮችም በውስጣቸው ተመሳሳይ የመልእክት ሰንሰለት አላቸው። ሰርቨር ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያደርገውንና የሚገጥመውን በመስመር በመስመር ይመዘግባል፤ መዝገቡ ሎግ ይባላል። ኤሪክ ኦልማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በርክሌይ ውስጥ ለኢሜይል ማመላለሻው ለሴንድሜይል ሲል የሠራው ሲስሎግ ለእያንዳንዱ መስመር የክብደት ደረጃ ሰጠው። ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው፤ 0 ሥርዓቱ ፈጽሞ አይሠራም ማለት ነው፣ 3 ስሕተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 6 ተራ መረጃ፣ 7 ደግሞ ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ብቻ የሚፈልገው ዝርዝር። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከብዳል። መልእክቱ ሲላክ የላኪው ዘርፍ ቁጥር በ8 ይባዛና ደረጃው ይደመርበታል። የኢሜይል ዘርፍ ቁጥሩ 2 ስለሆነ፣ ስሕተት ሲገጥመው መልእክቱ በ19 ይጀምራል። ተቀባዩ 19ን ለ8 ያካፍላል፤ ድርሻው 2 ማን እንደተናገረ፣ ቀሪው 3 ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግረዋል። በአንድ ትንሽ ቁጥር ሁለቱም መልሶች ተጉዘው ይደርሳሉ፤ ይህን ያህል ቀላልና ብልህ አሠራር በኮምፒዩተር ዓለም ብዙ አይገኝም።

ችግሩ የዛሬ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ለሲስሎግ በቀጥታ አለመጻፋቸው ነው። ጽሑፉን ዝም ብለው ወደ ውጭ ያፈሱታል፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ሲስተምዲ የተባለው አስተዳዳሪ ይቀበልና ይመዘግበዋል። ሲስተምዲ የተለየ ነገር ካልተነገረው እያንዳንዱን መስመር 6፣ ማለትም ተራ መረጃ ይለዋል። ዳታቤዙ መበላሸቱን የሚናገረውም፣ አንድ ሰው በሰላም መግባቱን የሚናገረውም እኩል 6 ይሆናሉ። አገራችን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና መረጃ የምትጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ 2ን የመሰሉ በጃቫ የተጻፉ ሥርዓቶች ላይ ነገሩ ይብሳል። ጃቫ ሲሳሳት ስሕተቱ የተነሣበትን መንገድ በብዙ መስመር ይዘረዝራል። ተቀባዩ መስመር በመስመር ከቆራረጠው «ስሕተት» የሚለው ቃል በመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ይቀራል፤ ምክንያቱን የያዙት የታችኞቹ መስመሮች ባለቤት አልባ ይሆናሉ። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያስኬደው በዶከር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም መዝገቡን ወደ ሲስተምዲ ሲልክ፣ ለስሕተት በተለየው መውጫ የወጣው ሁሉ 3 ተብሎ ይመዘገባል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መመዝገቢያ ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ ሁሉንም የሚጽፈው በዚያው መውጫ ነው። ስለዚህ «ሥራ ጀመርኩ» የሚለው ሰላምታ እንደ ስሕተት ሆኖ ይደርሳል።

ይህ የአመዳደብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላከረርኩት። ደረጃው ግን መልእክቱ መትረፍ አለመትረፉን ጭምር ይወስናል። የሲስተምዲ መዝጋቢ እያንዳንዱን መስመር በዚያው ቅጽበት ዲስክ ላይ አያጸናም፤ ከ0 እስከ 2 ያሉትን ወዲያውኑ ሲያጸና የቀሩትን እንደ ልማዱ እስከ 5 ደቂቃ ሊያቆያቸው ይችላል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ፣ ባትሪው ያረጀ ሰርቨር ባለበት ቢሮ፣ እነዚህ 5 ደቂቃዎች ቀላል አይደሉም። ማሽኑ ከመውደቁ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ከባድ ቃል 6 ተብሎ ከሆነ፣ ምክንያቱን ይዞ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

«ስሕተት የሚለውን ቃል ፈልጎ ደረጃውን መልሶ መስጠት ይቻላል» የሚሉ አሉ። ቃሉ ግን አይታመንም፤ «0 ስሕተት ተገኘ» የሚለው መስመር ደህና ዜና ነው፤ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚለው ግን ቃሉን ጨርሶ ሳያነሣ መጥፎ ዜና ያወራል። ሌሎች ደግሞ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉንም አስቸኳይ ስለሚሉት ደረጃው ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህ እውነት የሚያጋጥም ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ግን የሚያጋንነውን ማረም እንጂ የሁሉንም ድምፅ እኩል ማድረግ አይደለም። ጤና ጣቢያ በሐሰት ቢጮህ የ30 ደቂቃው ሕግ አይሰረዝም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ከላይ ያለው አካል ሰፊውን ምስል ስለሚያይ ክብደቱን እሱ ይመድብ» የሚለው ነው። ከላይ ያለው ማየቱ እውነት ነው፤ የሚያየው ግን የደረሰውን ብቻ ነው። ወሎ ይህን በከባድ ዋጋ ያውቀዋል። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ከመርሳና ከወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር በተራቡ ሰዎች ተሞልቶ ሳለ፣ የጉዳዩ ክብደት ላይኛው ቢሮ ውስጥ እንዲቀልል ተደርጓል፤ ሆን ተብሎ የታፈነበትም ጊዜ ነበር። ዓለም በስፋት የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የሰው ሞት ከማሽን ስሕተት ጋር አይመዛዘንም፤ የመረጃው አካሄድ ግን አንድ ነው። የላይኛው አካል የራሱን ምደባ ይጨምር፤ ከታች የመጣውን ግን አይደምስስ። ሲተረጉምም ይጠንቀቅ፤ በፓይተን ከባዱ ስሕተት 50፣ ዝርዝሩ 10 ነው። በሲስሎግ አቅጣጫው ይገለበጣል። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ ጩኸቱን ሹክሹክታ ያደርገዋል።

ማስተካከያው ትንሽ ነው። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ መስመር መነሻ ላይ «<3>» ብሎ ቢጽፍ ሲስተምዲ ቁጥሩን አንብቦ ደረጃውን ይመዘግባል፤ ምልክቱንም ከጽሑፉ ያነሣዋል። ባለብዙ መስመር ስሕተት ከሆነ ምልክቱ በየመስመሩ ይደገማል፤ ወይም ፕሮግራሙ ሙሉውን እንደ አንድ መልእክት በቀጥታ ለመዝጋቢው ይሰጣል። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ለአገልግሎቱ ሌላ መነሻ ደረጃ መምረጥ ይችላል፤ ያ ግን ለሁሉም መስመር አንድ ደረጃ መስጠት ስለሆነ ወባውንና ኮሌራውን በአንድ ፖስታ እንደ መላክ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚረከብ ቢሮ፣ መርሳም ይሁን ወልድያ፣ ከመፈረሙ በፊት ዳታቤዙን ለአፍታ ያቋርጥና ከመዝገቡ 3 እና ከዚያ የከበደውን ብቻ ይጠይቅ። ስሕተቱ ምክንያቱን ከያዙት መስመሮች ጋር ከወጣ ይፈርም፤ ካልወጣ ለሠሪው ይመልስ።