ተፈትቶ የሚሠራው የቬፕ ታንክ፤ የትኛው ይሸጣል? የትኛው መደርደሪያ ላይ ይተኛል?

ከቻይናዋ ሼንዘን ከተማ በሚወጡ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የዋጋ ዝርዝሮች ላይ «አር ቲ ኤ» እየተባለ የሚጠቀስ ዕቃ አለ። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ታንክ ነው። ከሌላው የሚለየው ውስጡ ያለው የሚግል ሽቦና ጥጥ ሲያረጅ ተጠቃሚው ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ጠምጥሞ፣ ራሱ መልሶ የሚገጥመው መሆኑ ነው። በዱባይ፣ በለንደን ወይም በዋሽንግተን አካባቢ አነስተኛ ሱቅ ያለው ወገናችን አከፋፋዩ ይህን ዕቃ ቢያቀርብለት ምን ብሎ ይመልስ? በፎቶግራፍ ሲታዩ ሁሉም ታንኮች አንድ ዓይነት ናቸው። የቻይናዎቹ ዋጋም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ዕቃው ከተሸጠ ከሦስት ቀን በኋላ ገዢው ኪሱ ረጥቦ ሲመለስ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አገር ቤት ላለው ነጋዴ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። «ባዶ ታንክ ነው፤ ኒኮቲን የለበትም» የሚለው ክርክር በደላላ አፍ ሲነገር ያምራል፤ ጉምሩክ ፊት ቆሞ ለሚከራከር ሰው ግን ገንዘቡን የሚያስመልስለት አይመስለንም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለው ሽያጩ በተፈቀደበት አገር ለሚነግድ፣ ወይም እዚያ ባለ ሱቅ ላይ ገንዘቡን ለሚያውል ሰው ነው።

የኩራዝ ዘመድ

አሠራሩን ለመረዳት ኩራዝን ማሰብ ይበቃል። ኩራዝ ጋዝ የሚይዝ ሆድ፣ ጋዙን የሚስብ ክር፣ በክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ እሳት አለው። እዚህም ፈሳሽ የሚይዝ ታንክ፣ ፈሳሹን የሚስብ ጥጥ አለ። በእሳቱ ፋንታ ጥጡን የከበበ፣ ከባትሪ በሚመጣ ኤሌክትሪክ የሚግል ጥቅል ሽቦ ወይም ኮይል ይገጠማል። ሽቦው የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ከሚግለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በብዛት የሚሠራበት ካንታል በሚል የስዊድን የንግድ ስም የሚታወቀው የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ሲሆን ኒክሮምና ስቴንለስ ስቲልም ያገለግላሉ። ፈሳሹ የፕሮፒሊን ግላይኮልና የግሊሰሪን ድብልቅ ነው፤ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ሱስ አስያዡ ኒኮቲን ይጨመርበታል። ግሊሰሪኑ ሲበዛ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ወፍራም ፈሳሽ ደግሞ ሰፊ መተላለፊያ ይፈልጋል። ብዙ ገዢ የሚያማርረው ይህን ሳያውቅ ወፍራሙን ፈሳሽ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ታንክ ውስጥ ሲሞላ ነው፤ ጥጡ ይደርቅና ይቃጠላል፣ ጉሮሮውንም ይለበልበዋል።

ከታንክ ታንክ የሚለያዩት ሽቦው የሚታሰርበት ወለል፣ አየር የሚገባበት ቦታና ፈሳሽ ወደ ጥጡ የሚደርስበት ቀዳዳ ናቸው። ከባትሪው ጋር የሚገናኝበት የብሎን ጥርስ ግን በአብዛኛው አንድ ነው፤ «510» ይባላል፣ ስሙን ያገኘውም ጆየቴክ ከተባለው የቻይና ኩባንያ የቀድሞ ሞዴል ነው። የአንዱ ፋብሪካ ታንክ በሌላው ፋብሪካ ባትሪ ላይ ይገጥማል ማለት ነው። የሚለካው ወርዱ ብቻ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ታንክ ለ22 በተሠራ ባትሪ ላይ ሲቀመጥ እንደ ሰፊ ባርኔጣ ጠርዙ ይተርፋል፤ ይሠራል፣ ግን ገዢው አይወደውም።

አራቱ ስሞች

ካይፉን አንጋፋው ነው። ስቮዬ ሜስቶ የተባለው አምራች ያወጣው ይህ ታንክ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለሌሎቹ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ፈሳሹ የሚሞላው በሥር በኩል ባለች ትንሽ ብሎን ቀዳዳ ነበር፤ ብሎኗ የጠፋችበት ሰው ታንኩ ከጥቅም ውጭ ሆነበት ማለት ነው። በኋላ የመጡት ከላይ ይሞላሉ። አንድ ኮይል ብቻ ይይዛል፣ የብረቱ አሠራር የጠራ ነው፣ ዋጋው ግን ከተለመደው የቻይና ታንክ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ችግሩ ስሙ ነው። ታዋቂ በመሆኑ ተመሳስሎ የተሠራው ዕቃ ከዋናው በብዙ እጥፍ በልጦ ገበያውን አጥለቀለቀ። አከፋፋዩ «ካይፉን በ20 ዶላር» ካለ የሚሸጠው ስሙን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ፎርጂዱ ሁልጊዜ አይሠራም ማለታችን አይደለም፤ አንዳንዱ ደህና ይሠራል። ኦሪንጉ ግን ከዋናው ጋር አይገጥምም፣ መለዋወጫም አይገኝለትም፣ በባለስሙ ዘንድ የሚያስጠይቅ ጉዳይም ነው።

የኢኖኪን ኩባንያ አሬስ ሲጋራ ለለመደ ሰው የተሠራ ነው። የሲጋራ አጫሽ ጭሱን መጀመሪያ አፉ ውስጥ ይሰበስባል፣ ከዚያ ወደ ሳንባው ያወርዳል፤ ለዚህ ጠባብ የአየር ቀዳዳ ያስፈልጋል። አሬስ የተነደፈው ፊል ቡሳርዶና ዲሚትሪስ አግራፊዮቲስ ከተባሉ ሁለት ታዋቂ የቬፕ ገምጋሚዎች ጋር በመተባበር ሲሆን ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። አነስተኛ ኃይል ይበቃዋል፣ ፈሳሽ ይቆጥባል፣ ለጀማሪም ለመጠምጠም አያስቸግርም። መደብር ውስጥ ሲታይ አያምርም። ቢሆንም በእኛ ግምት ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ የሚያፈራው እንዲህ ያለው ነው፤ ሲጋራ ለማቆም የሚሞክር ሰው የሚፈልገው ደመና አይደለም።

የጊክቬፕ ኩባንያ ዜውስ ታሪኩ ሌላ ነው። አብዛኛው ታንክ አየር የሚያስገባው በሥሩ ነው፤ በሥሩ የሚገባው አየር መንገድ ደግሞ ለሚፈሰው ፈሳሽም መውጫ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ነገር አለ። ከላይ በደንብ የተከደነ ታንክ ፈሳሹን ይዞ የሚቆየው ውስጡ በሚፈጠረው የአየር ጫና መቀነስ ነው፤ ሊሞላ ክዳኑ ሲከፈት ያ ጫና ይጠፋና ፈሳሹ በጥጡ በኩል ወደ ታች ይለቀቃል። ገዢው «ሞላሁት፣ ወዲያው ፈሰሰ» የሚለው ለዚህ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የሚፈሰውም በዚሁ የግፊት ለውጥ ምክንያት ነው። ዜውስ አየሩን ከላይ አስገብቶ በውስጥ መስመር ወደ ኮይሉ አወረደው። ቀዳዳው ከፈሳሹ በላይ ስለሆነ መፍሰሱ በእጅጉ ቀነሰ። መጀመሪያ የወጣው አንድ ኮይል የሚይዝ ነበር፤ ተከትሎ የመጣው ዜውስ ኤክስ ሁለት ይይዛል፣ ሽቦውን ለማስገባትም ይበልጥ ይቀላል። የሁለቱም ወርድ 25 ነው። ጭሱን እንደ ሺሻ በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስብ ሰው የተሠራ ነው። ጥጡ ከመጠን በላይ ሳስቶ ከተሞላ ዜውስም ያፈሳል፤ «በፍጹም አይፈስም» ብሎ የሚሸጥ ሰው ነገ ዕቃ ይመለስበታል።

የዎቶፎ ፕሮፋይል ዩኒቲ ሽቦ መጠምጠሙን ጭራሽ አስቀረው። በሽቦው ፋንታ እንደ ወንፊት ያለ ቀጭን የብረት ቁራጭ ይገጠማል፤ ከሥሩ በስፕሪንግ የሚገፋ ሴራሚክ ጥጡን ወደ ወንፊቱ ይጫነዋል። ጣዕሙ ይወደሳል፣ ሙቀቱም ሰፊ ቦታ ላይ እኩል ይደርሳል። ነገር ግን ፈሳሽና ባትሪ ይበላል፤ ጥጡ አንድ ጥግ ላይ ካልነካ ያ ጥግ ያራል። ለሱቁ ያለው ጥቅም ወንፊቱ በፓኬት የሚሸጥ መሆኑ ነው።

ትርፉ ከየት ይመጣል?

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኮይል የሚጠቀም ደንበኛ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ይቀይራል፤ የአንዱ ዋጋ በአሜሪካ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው። ሱቁን የሚያቆመው ይህ ምልልስ ነው። አር ቲ ኤ የገዛ ሰው ግን 10 ሜትር ሽቦ በጥቂት ዶላር ይወስዳል። 3 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ዘንግ ላይ ስድስት ዙር ለመጠምጠም ተቆርጦ የሚጣለውን ጨምሮ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል፤ አንዱ ጥቅል ወደ 100 ኮይል ይወጣዋል ማለት ነው። ደንበኛው ዓመቱን ሙሉ ለሽቦ አይመጣም። ስለዚህ ታንኩን ሸጦ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ፈሳሹን፣ ጥጡን፣ መለዋወጫ መስታወቱንና ባትሪውን አብሮ ካልያዘ በገዛ እጁ የራሱን ገበያ ቆረጠ ማለት ነው።

ባትሪውን ስናነሳ አደጋውንም እናንሳ። ከላይ ያልነው ስድስት ዙር በ0.4 ሚሊ ሜትር የካንታል ሽቦ ሲሠራ መቋቋሚያው ወደ 0.85 ኦም ይሆናል። ሙሉ ኃይል የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ስለሚሰጥ የሚሳበው 5 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህ የሚያሰጋ አይደለም። ነገር ግን በወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር ጠምጥሞ 0.2 ኦም ያደረሰው ሰው ከአንድ ባትሪ 21 አምፔር፣ 88 ዋት ይጠይቃል። መቆጣጠሪያ የሌለው መሣሪያ ላይ ደካማ ባትሪ ከተገጠመ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ኦም መለኪያ የሌለው ሱቅ ይህን ዕቃ ባይዝ ይሻለዋል። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ከደንበኛው ፊት ለመለካት ደቂቃ አይፈጅም።

ሕጉ በየአገሩ

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2016 ጀምሮ ኒኮቲን ላለው ፈሳሽ የታንኩ መጠን ከ2 ሚሊ ሊትር፣ የፈሳሹ ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲኑም በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ እነዚህኑ ልኮች ይዛለች። ስለሆነም ያው ታንክ በሁለት መልክ ይመጣል፤ አሬስ ለምሳሌ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝም 2 ብቻ የሚይዝም አለው። ከዱባይ በርካሽ አግኝቶ ባለ 5ቱን ለንደን ያስገባ ሰው ሊሸጠው የማይችለውን ዕቃ ገዛ ማለት ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ሽያጩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን በመሣሪያውና በፈሳሹ ላይ መቶ በመቶ የኤክሳይስ ታክስ ተጥሎበታል። የዋጋ ዝርዝር ሲታይ ይህ ታክስ ተጨምሮበት ነው ወይስ ሳይጨመር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው አሜሪካ ነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹንም በትምባሆ ምርት ሥር ይቆጣጠራል። ለገበያ ፈቃድ የሰጣቸው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምርቶች ጥቂት ሲሆኑ በአብዛኛው ተዘግተው የሚሸጡ የትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ወዲህም በፖስታ ለሸማች መላክ ተከልክሏል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። በየሱቁ ታንኩ ተደርድሮ መታየቱ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። እዚያ ሱቅ ሊገዛ የሚደራደር ሰው የዕቃ ቆጠራው ውስጥ ይህ ዓይነት ታንክ በስንት ዋጋ እንደተመዘገበ ቢያይና ዋጋ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

አንዳንድ አከፋፋዮች እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2025 ብሪታንያ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ ማገዷን እያነሱ «አሁን የታንክ ዘመን ተመለሰ» ሊሉ ይችላሉ። ቤልጂየምም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተመሳሳይ እገዳ ማውጣቷ እውነት ነው። ነገር ግን የሚጣለውን የለመደ ሰው ካቻቢቴና መቀስ ይዞ ሽቦ ሊጠመጥም አይቀመጥም፤ የሚሄደው ፈሳሹ ወደሚሞላው፣ ኮይሉ ግን ተዘጋጅቶ ወደሚመጣው ትንሽ መሣሪያ ነው። አር ቲ ኤ የሚገዛው ሥራውን የሚወድ፣ ቁጥሩ ጥቂት፣ ዕቃ አዋቂ የሆነ ደንበኛ ነው። ለዚህ ደንበኛ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት መያዝ ይበቃል፤ በካርቶን የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም።

ዕቃውን የሚቀበል ሰው ሣጥኑን ከፍቶ መለዋወጫ መስታወት፣ ኦሪንግ፣ ትርፍ ብሎንና ትንሿ ካቻቢቴ መኖራቸውን ይቁጠር። ብዙ አምራቾች ሣጥኑ ላይ በሚፋቅ ወረቀት ሥር የማረጋገጫ ቁጥር ያኖራሉ። ወረቀቱ ተፍቆ የመጣ ከሆነ ቀሪ ክፍያውን ከመላኩ በፊት አከፋፋዩን ማን እንደፋቀው ይጠይቀው።