ዱቄት ማዳበሪያ እንክብል የሚሆንበት አሠራር

በጅቡቲ ወደብ በ50 ኪሎ ከረጢት ተሞልቶ ወደ አገራችን የሚገባው ማዳበሪያ፣ ዳፕም ይሁን ኤንፒኤስ ወይም ዩሪያ፣ ዱቄት ሳይሆን የምስር ፍሬ የሚያክል እንክብል ነው። በሜክሲኮ አደባባይ ወደሚገኘው የንግድ ምክር ቤት የሚመላለሰው ነጋዴ ይህን ዕቃ የሚያውቀው በኩንታሉና በዋጋው ነው፤ ዳሩ ግን የዕቃው ጥራት አንዱ ክፍል ያለው በፍሬው ቅርጽ ላይ ነው።

ማዳበሪያ ዱቄት የሆነ እንደ ሆነ ሲጫንና ሲራገፍ ነፋስ ይወስደዋል፤ በክረምት እርጥበት ስቦ በመጋዘን ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ገበሬውም በእጁ በመስመር ሲጨምረው እኩል አይወርድለትም።

ዳፕ በሚሠራበት ፋብሪካ ፎስፎሪክ አሲድና አሞንያ በጋን ውስጥ ሲገናኙ እጅግ ይግላሉ። ከዚህ የሚወጣው ወፍራም ፈሳሽ በሚሽከረከር ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ በሚንከባለለው ደቃቅ ማዳበሪያ ላይ ይረጫል። በርሜሉ ጥቂት ዘቅዘቅ ያለ ስለ ሆነ ደቃቁ እየተንከባለለ ወደ ታች ይወርዳል። የረጠበ ዱቄት በሰፌድ ላይ ሲንገዋለል እንደሚድበለበል ሁሉ፣ ፍሬውም ልባስ በልባስ ላይ እየደረበ ይወፍራል። እርጥበቱ ሲያንስ አይያያዝም፤ ሲበዛ ጭቃ ይሆናል። የባለሙያው ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

እርጥቡ ፍሬ በትኩስ አየር ደርቆ በወንፊት ይነፋል። ለገበያ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ያለው ነው፤ ትልልቁ ተፈጭቶ፣ ደቃቁም እንዳለ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። እንግዳ የሚመስለው ነገር፣ አንድ ቶን ለገበያ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቶን በዚህ መንገድ መመላለሱ ነው። በመጨረሻ ፍሬው ይቀዘቅዛል፤ እንዳይጣበቅም በስሱ ዘይት ነክ ነገር ይለበጣል። በትኩሱ የተከመረ ማዳበሪያ መጠጠሩ አይቀርም።

ዩሪያ ግን ከቅላጭ ይነሣል። ወይ ከረጅም ግንብ ላይ እንደ ዝናብ ጠብታ ሲወርድ ይረጋል፤ ወይም በትንንሽ ፍሬዎች ላይ እየተረጨ ይወፍራል። የኋለኛው ይጠነክራል።

እንደ ቱሉ ቦሎና ወራቤ ባሉ ስፍራዎች የተቋቋሙት የማደባለቂያ ፋብሪካዎች የታቀዱት ዱቄት ለማንከባለል ሳይሆን የተዘጋጀውን እንክብል ለማዋሐድ ነው። የፍሬዎቹ መጠን ካልተመሳሰለ፣ ክምሩ ሲናድና ወደ ከረጢት ሲወርድ ደቃቁ ከትልልቁ ይለያል። አንዱ ከረጢት ናይትሮጅን፣ ሌላው ፎስፎረስ ይበዛበታል። ሻጩም ሳያጭበረብር አጭበርባሪ ይባላል።

በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ዳንጎቴ ግሩፕና የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ተፈራርመዋል። ዕቃው ከጎዴም መጣ ከጅቡቲ፣ የተረካቢው ምርመራ አንድ ነው፦ ጥቂት ፍሬ በሁለት ጣት መካከል ይጨመቃል፤ በቀላሉ ከፈረሰ ደካማ ነው። ከከረጢቱ ግርጌ ብዙ ዱቄት ከተገኘም ርክክቡ ከመፈረሙ አስቀድሞ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት። መጋዘን ሲገባም ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል።