ያውቁ ኖሯል? ተውኔትና ሥዕል የገሠጹት ሕክምና

ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞሊዬር ያረፈው የበሽተኛ ገጸ ባሕርይ ተጫውቶ ከመድረክ በወረደበት ምሽት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1673 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በተውኔቱ አራተኛ ትርዒት ላይ ክፉኛ አመመው። እንደምንም እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ቤቱ በገባ በሰዓታት ውስጥ ግን ሕይወቱ አለፈ። የሚጫወተው ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታመምኩ እያለ ገንዘቡን ለሐኪሞች የሚያፈስ ሀብታም ነበር።

የዚሁ ተውኔት መዝጊያ የሐኪም ምረቃ ነው። ፈታኞቹ በሽታውን እየቀያየሩ ይጠይቃሉ፤ ተፈታኙ ለሁሉም አንድ መልስ አለው፦ ሆዱን ማጠብ፣ ደሙን ማውጣት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት። ፈታኞቹም በእልልታ ይቀበሉታል። ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ ጤና ማለት የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት ሚዛን ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ «በዝቷል» የተባለውን ማስወጣት ዋና ሕክምና ነበር። ስንቱ የደከመ በሽተኛ የቀረችውን አቅም ያጣው በዚህ ነው!

በ1665 እ.ኤ.አ. ሞሊዬር ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ያቀረበው ኮሜዲ ተጽፎና ተጠንቶ ያለቀው በአምስት ቀን ነበር። በዚያ ውስጥ አራት ሐኪሞች ስለ አንዲት ልጅ ሕመም ሊመክሩ ተሰብስበው ስለ በቅሎና ስለ ፈረስ ያወራሉ።

በዓመቱ ደግሞ ዱላ ሲበዛበት ሐኪም ነኝ ያለ እንጨት ቆራጭ መድረክ ላይ አወጣ። ይህ ሰው ልብ በቀኝ፣ ጉበት በግራ ነው ይላል፤ ሲታረምም ያ የድሮ ነው፣ ለውጠነዋል ብሎ ይመልሳል። ተውኔቱን ወደ አማርኛ የመለሰው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል?

እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር በ1628 እ.ኤ.አ. ቢያሳትምም፣ የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ለአሥርት ዓመታት ተቃውሞታል። ሞሊዬር ይህንንም አላለፈውም፤ በመጨረሻ ተውኔቱ ውስጥ ይህን ግኝት በመቃወሙ የሚኮራ ወጣት ሐኪም አለ። የሞሊዬር ትልቁ ውለታ ይህ ይመስለኛል፤ የገበያ አጭበርባሪን መስደብ ቀላል ነው፣ እሱ ግን ካባ ለብሶ ማስረጃ አላይም ያለውን ምሁር ተጋፈጠ።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርዝ በ1730ዎቹ ባሳተመው የስላቅ ሥዕል ሦስት ዝነኛ አጭበርባሪዎችን ከላይ፣ ዲግሪ ያላቸውን ሐኪሞች ከታች አድርጎ በአንድ ጋሻ ላይ ሣላቸው። ከሦስቱ አንዱ የዓይን ሐኪም ነኝ ባዩ ጆን ቴይለር ነው። ይህ ሰው በ1750 እ.ኤ.አ. የታላቁን ሙዚቀኛ የባህን ዓይን ሁለት ጊዜ ቀደደ፤ ባህ በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ቀን አረፈ።

አጭበርባሪ ሕክምናን የገሠጸው ተውኔትና ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ሙከራም ገሥጾታል። አሜሪካዊው ኤሊሻ ፐርኪንስ ሕመም ይስባሉ ያላቸውን ሁለት የብረት ዘንጎች ይሸጥ ነበር። ሐኪሙ ጆን ሄይጋርዝ በ1799 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ ብረት እንዲመስሉ የተቀቡ የእንጨት ዘንጎች አሠርቶ በአምስት ሕሙማን ላይ ሞከራቸው። አራቱ ሕመማችን ቀለለልን አሉ።